ለእናታችን መርከብ ስንመርጥ

ወንድሜ ስዊድን አገር ነርስ ነው። አብሮት የሚሠራ ሰው እናቱን በቅንጡ መርከብ ባሕር ላይ አንሸራሽሮ ተመለሰና ፎቶውን አሳየው። ከዚያ ወዲህ ስልክ በደወለ ቁጥር ሌላ ወሬ ጠፋ።

"ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታበላ ኖረች። አንድ ሳምንት እንኳ ተቀምጣ ትብላ" አለኝ። "ምግቡ ጥሩ የሆነ፣ የሚቆምባቸው አገሮችም የሚታይ ነገር ያላቸው ይሁኑ። እናንተ ምረጡ፣ ሌላውን ለእኔ ተዉት።"

ምርጫው እኔ ላይ የወደቀው ደብረ ብርሃን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለምሠራና ኢንተርኔት ስለማላጣ ነው። እናታችንም ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ቀድሞ ጫጫ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ምግብ ቤት ነበራት። የደሴም የአዲስ አበባም ሾፌር እሷ ቤት ሳይበላ አያልፍም ነበር። እኛን ያሳደገችን በዚያ ቤት ነው። ተቀምጣ ስትበላ ግን አይቻት አላውቅም፤ ቆማ፣ ከድስቱ ጥግ፣ የተረፈውን ነበር የምትቀማምሰው። ኋላ ጉልበቴ ደከመ ብላ ቤቱን አከራየችና መጣች።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ላፕቶፔን ጠረጴዛው ላይ እከፍታለሁ። ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ትቀመጣለች።

"መርከቡን ተዪው፣ ምግቡን አንብቢልኝ።"

አነብላታለሁ። በሎሚና በወይራ ዘይት የተጠበሰ አሣ፣ በወይን ጠጅ የተቀቀለ የበግ እግር፣ ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማልጠራቸው ጣፋጮች።

"ጣዕሙ ምን ምን ይላል?"

"እኔስ መቼ በልቼው አውቃለሁ፣ እማዬ?"

"በጉን ማን ነው የሚያርደው?"

"እሱን አይጽፉትም።"

"እንግዲያው አሣ ነው የምበላው። ረቡዕና ዓርብስ?"

"ያለ ሥጋና ያለ ወተት የሚሠራም አለን ይላሉ።"

"ጎመን ልበላ መርከብ ላይ!" ብላ ሳቀች።

አንዱን መርከብ፣ ምግቡ እንግዳው ፊት ነው የሚሠራው ስላልኳት ብቻ ጣለችው። "ሲሠሩ ካየሁማ ተነሥቼ ማገዜ አይቀርም" አለች። ሌላውን ደግሞ ሰው ራሱ እየተነሣ ምግቡን የሚያነሣበት ነው ብላ ናቀችው። ስለ አገሮቹ ወንድሜ የግሪክ ደሴቶችን ይል ነበር። እሷ የመርከቡን መንገድ በጣቷ ተከትላ እስክንድርያ ላይ ስትደርስ ቆመች። "ድሮ ጳጳስ ይመጣልን የነበረው ከዚህ አይደል? ይቺን ልያት" አለች። በመጨረሻ ከአቴንስ ተነሥቶ ደሴቶቹን አዳርሶ እስክንድርያ የሚደርስ፣ በጥቅምት የሚጓዝ መርከብ አገኘን። አሣው ደግሞ በየቀኑ በሌላ ዓይነት ይሠራል። ወንድሜ ስነግረው በደስታ ጮኸ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ቅቤ ይዛ ተመለሰች። እናቴ ቅቤ በአፍንጫዋ የምትገዛ ሴት ናት። የመዘዞን አገር ቅቤ ከእነዋሪ አገሩ፣ የሰሞኑን ካደረው፣ ቅጠሉ ሳይፈታ ትለየው ነበር። እኔ ቅጠሉን ስፈታው የከረረ ሽታ ቤቱን ሞላው።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ተበላሽቷል።"

ተቀበለችኝና ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ቆየች። "ደህና ነው" አለች። ፊቴን አየች። ከዚያ ቅቤውን አስቀምጣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አይሸተኝም" አለች።

"ጉንፋን ነው?"

"ከዚያ ትኩሳት ወዲህ ነው። ኮሮና ነው ሲሉ፣ ዘጠኝ ቀን የተኛሁ ጊዜ። ጨው ጨው አይለኝም። ሚጥሚጣው ያቃጥለኛል፣ ማቃጠሉን አውቃለሁ። ጣዕም የሚባል ግን የለም።"

"ታዲያ ወጡን እንዴት ነበር የምትሠሪው?"

"እጄ ያውቀዋል። ቤቱን ያከራየሁት ጉልበቴ ደክሞ መሰለሽ? አንድ የድሮ ደንበኛዬ አንድ ጉርሻ ቀምሶ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። በሳምንቱ ተከራይ ፈለግሁ።"

እነዚያን ሁሉ እሑዶች አሰብኩ። "ታዲያ ለምን ምግብ ስታስመርጪኝ ከረምሽ?"

"ልጄ ሊያበላኝ ነዋ የፈለገው። እሱን ከከለከልኩት ምን ላድርግለት ይላል? እንዳትነግሪው።"

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ወጣቱ ሐኪም አፍንጫዋንና ጉሮሮዋን በባትሪ አየ፣ ብዙ ጠየቃት። "ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ ይሄ ያድነዋል ብዬ የምሰጠው መድኃኒት የለኝም" አለ፤ ወደ መሬት እያየ። ጠዋትና ማታ ሽታቸው የጠነከረ ነገሮችን እንድታሸት መከራት። ሎሚ፣ ቅርንፉድና ጤና አዳም በየስኒው አስቀመጥኩ። ዓይኗን ጨፍና ታሸታለች፤ እኔ ፊቷን እያየሁ እጠብቃለሁ።

"እህ?"

"ምንም።"

ይህ ሳምንታት ቆየ። አንድ ጠዋት "ሎሚው መጣ" አለችኝ፤ ለካ በእጇ የያዘችው ቅርንፉዱን ነበር። አዝናልኝ መዋሸቷን ሁለታችንም አወቅን፤ ስኒዎቹን አነሣሁ። በመሀሉ ወንድሜ የመርከቡን ክፍል ከነ በረንዳው ያዘ፤ የእሷን ወንበር የት እንደሚያስቀምጡላት እንኳ ጠይቆ ነበር።

ለቪዛው አሻራ እንድትሰጥ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ቀጠሮ ተያዘላት። ማለዳ ሚኒባስ ይዘን ወጣን። ጫጫ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ተሰልፎ ቆሟል። ሾፌሩ ወርዶ ጠይቆ ተመለሰ።

"መንገዱ ተዘግቷል።"

"እስከ ስንት ሰዓት?" አልኩት።

"እሱን የሚያውቅ የለም፣ እቴ።"

ቀጠሮው ያለበት ቢሮ ደወልኩ፤ አይነሣም። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ነው፤ አይነሣም። እናቴ እጄን ይዛ አወረደችኝና ወደ ቀድሞ ቤታችን ወሰደችኝ። ተከራይዋ ከደጅ ስታያት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሮጠች።

"እትዬ! ምን እግር ጣለዎት?"

"መንገዱ ነው የጣለን።"

እኔ በልጅነቴ ትምህርቴን አጠና የነበረበት ጥግ ላይ አስቀመጠችን። ቀይ ወጥ በትልቅ ትሪ አቀረበችና አልሄደችም፤ እጇን አጣምራ እናቴን ታያለች። የመጀመሪያውን እኔ ቀመስኩ። ጨው በጣም በዝቶበታል። ውኃ ጠጣሁ።

እናቴ ቀስ ብላ ጎረሰች። ወጡን በዓይኗ አየችው፣ በእንጀራው ጫፍ ገፋ አድርጋ ሽንኩርቱን መረመረችው። "ሽንኩርቱን አላቻኮልሽውም" አለች። "ቁሌቱ ገብቶታል፤ ዘይቱ ከላይ ወጥቷል። እጅሽ ይባረክ።"

የሴትዮዋ ዓይን እንባ ሞላ። "እርስዎ እንዲህ ካሉማ! ሰዉ አሁንም የእትዬን ወጥ ነው የሚያነሣብኝ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እናቴ ወደ እኔ ዘንበል አለች። "ምን ሆኖ ነው ውኃ የምትጠጪው? ጨው ነው?"

"በዝቷል።"

"ወይኔ! ስትወጪ ቀስ ብለሽ ንገሪያት፤ እኔ አልኩ እንዳትዪ" አለችና ጎረሰች። ትሪውን ጨረሰችው። ተቀምጣ አንድ ማዕድ ስትጨርስ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ መንገዱ አልተከፈተም። ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለስ መኪና ላይ ወጣን። ሌላ ቀጠሮ ብለምን የተገኘው መርከቡ ከሄደ በኋላ ያለ ቀን ነው። ወንድሜ ያን ዕለት ማታ ጮኸብኝ። "ሁለት ቀን ቀድማችሁ ብትሄዱ ምን ነበረበት?" አለ። እኔም እሱን ነበር ራሴን ስጠይቅ የዋልኩት። ኋላ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ከእናታችን ጋር ሊሄድበት በነበረው መርከብ ከሚስቱ ጋር ሄደ። በሁለተኛው ቀን እራት ላይ በቪዲዮ ደወለ። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ የመስኮት መስተዋት፣ ከኋላው ጠቆር ያለ ባሕር። ስልኩን ሳህኑ ላይ ዘቅዝቆ ያሳያታል።

"አየሽው፣ እማዬ? አሣው ይሄ ነው፣ የመረጥሽው።"

"ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ ብላ። ምን ምን ይላል?"

ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። "መጀመሪያ ኮምጠጥ ይላል፤ ከዚያ ቅጠሉ ይመጣል፤ በሶብላ ዓይነት። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጣፈጥ ይላል።"

የእናቴ ፊት ስልኩን ሊነካ ደርሶ ነበር። "ቀስ ብለህ ንገረኝ። ኮምጣጣው እንደ ምን ነው?"

"ከሎሚ ለስለስ ያለ።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

እየበላ ነገራት። ሳህኑ ባዶ ሲሆን "በሚመጣው ዓመት አንቺ ራስሽ ትቀምሺዋለሽ፤ ምዬአለሁ" አለ። እናቴ "አሜን" ብላ ስልኩን ለእኔ ሰጥታ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከፋት እንዴ? ምን ሆነች?"

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ስል እናቴ ታየኛለች፤ እንዳልነግረው ራሷን ግራና ቀኝ በቀስታ ነቀነቀች።

"ኔትወርኩ ነው፤ ድምፅህ ይቆራረጥብናል" አልኩት።

"እዚህም ባሕር ላይ ያስቸግራል" አለና፣ የሚቀጥለው ሳህን መምጣቱን ነግሮን ስልኩን ዘጋ።