ከሸሁ ቃል ግማሹን ብቻ ነገርኳት

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሑፌ ቢጎረብጥ አይግረማችሁ። የምጽፈው ስለ ባለቤቴ ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለው ቤታችን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፤ በሽታዋ የማህፀን በር ካንሰር ነው።

ነገሩ የጀመረው በረመዷን ነው። የወር አበባዋ ከቆመ ስንትና ስንት ዓመት የሆናት፣ የልጅ ልጅ ያየች ሴት፣ ድንገት ሰላት ተወች። መስገጃዋ እንደተጠቀለለ ሦስት ቀን አየሁ። ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«አንቺ፣ እርጅና ሲመጣ ነው እንዴ አላህን የምትሸሺው?» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። «ደም መጣብኝ» አለች። «እንዴት ብዬ ልስገድ?»

የሴት ነገር ነው፣ አፈርኩ። ሰላቷ ግን አሳሰበኝ። ብቻዬን ሸሁ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። እሳቸው አላመነቱም። «ይኼ የወር አበባ አይደለም፤ ሕመም ነው። ትታጠብ፣ ትስገድ፣ ትጹም። ሐኪም ዘንድም ውሰዳት፤ እንዳትዘገይ» አሉኝ።

እኔ የሄድኩት ስለ ሰላት ልጠይቅ ነው፤ የሰላቱን ይዤ ተመለስኩ። «ታጥበሽ ስገጂ ተብሏል» አልኳት። የሐኪሙን ዋጥኩት። ለምን? ወንድ ሐኪም ገልጦ ሊያያት ነው ብዬ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ቢኖረኝ እጽፈው ነበር። እሷ ደስ አላት። በዚህ በደሴ ብርድ፣ ለየሰላቱ እየታጠበች ሰገደች።

ረመዷን እንዳለፈ አንዲት ልጅ መጣች፤ ወረቀት የያዘች፣ ጥናት የምታጠና። ሴቶች ስለ ማህፀን በር ካንሰር ምን ያውቃሉ፣ ተመርምረው ያውቃሉ ወይ፣ ካልተመረመሩስ ምን ከለከላቸው እያለች በየቤቱ ትጠይቃለች። ምርመራው ሳይታመሙ በፊት ነው፣ ቶሎ ከተገኘ ይድናል አለችኝ።

«በይ ጠይቂኝ» አልኳት፣ በሩ ላይ ቆሜ።

«አባቴ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ማህፀን አለዎት?» ብላ ሳቀች። «ባለቤትዎን ነው የምፈልገው።»

«እሷ ዘጠኝ ወልዳለች፤ አንዱንም ሐኪም አላዋለዳትም። ምኗን ነው የምትመረምሩት? ደህና ናት!»

ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች። «ኧረ በአላህ፣ ልጅቷ ገብታ ትረፍ» አለች። በአንድ እጇ መቃኑን ይዛለች። ልትናገር እንደሆነ ገባኝ፤ አፈጠጥኩባት። ተመልሳ ገባች።

ልጅቷ ሳቋ ጠፋ። «ምን ከለከላቸው ብዬ ልጻፍ?» አለች።

«ባሏ ከለከለ በይ» አልኳት፣ ኮርቼ። ጻፈችው።

ከዚያ ባለቤቴን ወገቧን ያማት ጀመር። ሽታም መጣ። ሰው ሳይነሳ ልብሷን ታጥባለች፤ እኔ እያየሁ እንዳላየ እሆናለሁ። ለዓረፋ በዓል፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራው ልጃችን መጣች። እናቷን አቀፈቻትና ቶሎ ለቀቀቻት። እኔን ሳታስፈቅድ ባጃጅ ጠርታ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ እኔ ከኋላ በእግሬ ተከተልኩ።

ሐኪሟ ሴት ነበረች።

«ከማህፀናቸው አልፎ ተሰራጭቷል» አለች። «አሁን ማዳን አንችልም። የጨረር ሕክምናውም ሕመሙን ለማስታገስ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ወረፋ አለው።»

«ደሙ እንደጀመራት ባመጣትስ ኖሮ?»

«አባቴ፣ እሱን አሁን አይጠይቁኝ» አለች።

ወረፋው እስካሁን አልደረሰም። ባለፈው ጁምዓ መደበቁን አልቻልኩም፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። «ሸሁ ያኔ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት ብለውኝ ነበር። ደበቅሁሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። «የሸሁ ባለቤት በሳምንቱ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልሄድሽም? ለምን አልሰደብሽኝም?»

«ሂጂ እስኪሉኝ ነዋ» አለች። ዛሬም አንቱ ነው የምትለኝ። «ነገ ይሉኛል፣ ነገ ይሉኛል እያልኩ ነው ያለሁት።»

ትራሷን ላስተካክል ጎንበስ አልኩ፤ አልመቻትም። «ይተዉት» አለችና በዚያ በቀጠነ ክንዷ ራሷ አዞረችው።