ጋሽ በንቲ የጠረጠረው ሳጥን

ባለፈው ሳምንት የልጄ ባል ከአሜሪካ የተላከለትን የድምፅ ማጉያ ከኋላው የተጻፈውን እንኳ ሳያነብ፣ እዚህ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ካለው ሶኬት ላይ ሰካውና ዕቃው አንዴ ጮኾ ዝም አለ። ወዲያው የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጆቹ መስኮት ሊከፍቱ ሲሯሯጡ እኔ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ሽታውን አሸተትኩ። ያ ሽታ ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ አቃቂ በሰቃ በነበረው የአባቴ ቤት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት የሸተተኝ ነው።

አባቴ ወርቁ በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ ነበር። ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ አሜሪካዊ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸክላ ማጫወቻውን ትቶለት ሄደ፤ አብሮም ከጡብ የሚከብድ ግራጫ የብረት ሳጥን ሰጠው። ትራንስፎርመር እንደሚባል አባቴ ደጋግሞ ቢነግረንም እኛ ቤት ስሙ «ሳጥኑ» ሆኖ ቀረ። ማጫወቻው የተሠራው ለመቶ አስር ቮልት ነው፤ ግድግዳችን የሚሰጠው ደግሞ ሁለት መቶ ሃያ ስለሆነ ሳጥኑ መሃል ገብቶ ኃይሉን በግማሽ ይቀንሳል። አባቴ ይህን ሲያስረዳ አጠገቡ በሽተኛ የተኛ ይመስል ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። መጀመሪያ ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ይሰካል፣ ከዚያ ማጫወቻው ሳጥኑ ላይ፤ በእርጥብ እጅ መንካት ፈጽሞ አይቻልም። እናቴ በገዛ እጇ የሠራችውን ዳንቴል ልታለብሰው ስትል፣ ስለሚሞቅ መተንፈስ አለበት ብሎ ከለከላት፤ እሷም «እንግዲህ ብረትም መተንፈስ ጀመረ» ብላ ዳንቴሏን አጣጥፋ መለሰች።

እሁድ እሁድ ጋሽ በንቲ ሊሰማ ይመጣ ነበር። በሽመና ክፍል የሚሠራ የአባቴ የልብ ጓደኛ ነው፤ ፋብሪካው የቆመበትን መሬት ያርሱ ከነበሩት የአካባቢው ሰዎች የተወለደ፣ የጥጥ ብናኝ እሁድ እንኳ ከቅንድቡ የማይለቅ፣ ሻዩን ሳያሸት የማይጠጣ ተጠራጣሪ ሰው። ለእኔ ከእናቱ ማሳ የሽምብራ እሸት በኪሱ ሞልቶ ያመጣልኝ ነበር። ሸክላው መዞር ሲጀምር ግን ያ ሁሉ ጥርጣሬ ከፊቱ ይጠፋና፣ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጉልበቱን እየመታ እንደ ሕፃን ፈገግ ይላል።

አንድ ነገር ብቻ ልክ አልነበረም። ዘፋኞቹ ሁሉ ጉንፋን የያዛቸው ይመስል ድምፃቸው ወፍሮና ተጎትቶ ነበር የሚወጣው። ምክንያቱን ያወቅሁት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ ሳጥኑ ኃይሉን ይቀንሳል እንጂ የመብራቱን ምት፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይለውጥም፤ የአሜሪካ መብራት ምቱ ከእኛ ስለሚፈጥን የእነሱ ሞተር እኛ ዘንድ ሲመጣ ይዘገያል። አባቴ ያኔ ይህን አያውቅም ነበር፤ አለማወቁ ነው ጉድ ያፈላው።

ክረምት ሊገባ ሲል፣ ሠራተኛውን ያንገላታ የነበረ አንድ ፎርማን እንዲነሳ ማመልከቻ ለማስገባት እኛ ቤት ተመከረ። ሸክላው ከፍ ብሎ እየዘፈነ አባቴ፣ ጋሽ በንቲና የጋሽ በንቲ ታናሽ ወንድም ሦስት ሆነው መከሩ። ማመልከቻው ገና ሳይገባ ግን ፎርማኑ ሁሉን ሰማ፤ ወንድምየው ከሥራ መባረሩ ተነግሮት ከፋብሪካው በር ተመለሰ። አባቴን፣ የሚተካው ጠጋኝ ስላልነበረ ይመስለኛል፣ ማንም አልነካውም።

ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሲመክሩ ከጓዳ ሆኜ ሰምቻቸዋለሁ። አባቷ የፋብሪካው ቢሮ ጸሐፊ የሆነ ስንዱ የምትባል ጓደኛዬ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በአዲስ ጫማዋ ኮራችብኝ፤ እኔም የምኮራበት ባጣ «አባቴና የጋሽ በንቲ ወንድም ፎርማኑን ሊያስነሱት ነው» አልኳት።

በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ በንቲ እሸት ሳይዝ መጣ። ተቀመጥ ቢባል አልተቀመጠም።

«ሦስት ነበርን» አለ። «ወንድሜ ራሱን አያስባርርም። እኔም አልተናገርኩም።»

«እኔን ነው የምትጠረጥረው፣ በንቲ?»

«አንተን አላልኩም።» ዓይኑ ሳጥኑ ላይ ነበር። ሸክላው ባይዞርም ሳጥኑ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል። «ይሄ ነገር ዘፈኑ ሲቆም ለምን ዝም አይልም? የኔ ራዲዮ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ይሠራል፤ ያንተ ሳጥን ለምን አስፈለገው? ደሞ ድምፁን እየበላ ነው የሚያወጣው። የተረፈው ድምፅ የት ነው የሚሄደው?»

አባቴ ሳጥኑን ነቅሎ በካቻቢቴ ፈታው። ብረትና በላዩ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ብቻ ነበር። «ይኸው እየው» አለ።

«ስልክስ ሽቦ አይደል?»

«የድምፁን ነገር እኔም አላውቀውም» አለ አባቴ። መዋሸት አይችልበትም ነበር። ጋሽ በንቲ ግን የደበቀው መሰለው።

«እንግዲያው ያለ ሳጥኑ አጫውተው።»

«ይቃጠላል።»

«ይቃጠላል ያልከው አንተ ብቻ ነህ።»

እኔ የጓዳውን መጋረጃ ይዤ ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ሁሉ ያበቃ ነበር፤ የአባቴ ቀበቶ ታየኝና መጋረጃውን ይበልጥ ጨብጬ ቀረሁ። አባቴ ጓደኛውን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ እንደ ወትሮው የሸክላውን አቧራ በክንዱ ጠርጎ መርፌውን አሳረፈና፣ የማጫወቻውን ገመድ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካው። ዘፈኑ ሰምተነው በማናውቅ ኃይል ጮኸ፤ ወዲያው አንድ ነገር ጧ አለና ከማጫወቻው ሥር ጭስ ወጣ። እናቴ ሮጣ መስኮት ከፈተች።

ጋሽ በንቲ «ወርቁ» አለ። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ጋሽ በንቲ አባቴን አምኖት ነበር፤ የከፋውም ይኸው ነው። ተጠራጥሮ ቢሆን ሊጣላ ይመጣ ነበር፤ ስላመነ ግን ሐፍረት እግሩን አሰረው፤ ፋብሪካ ውስጥ እንኳ አባቴን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር። አባቴ ብዙ እሁድ ሁለት ብርጭቆ አስቀርቦ ጠበቀው፤ በኋላ አንዱን ተወው። አብዮቱ መጣ፣ ፎርማኑም ሄደ፣ አባቴ ሌላ ማጫወቻ ሳይገዛ አረጀ።

አባቴ ሲሞት ጋሽ በንቲ በከዘራ እየተደገፈ ለቅሶ መጣ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ያኔ ወሬውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

የከዘራውን ራስ አሻሸ። «ለአባትሽ ነግረሽው ነበር?»

«አልነገርኩትም።»

«እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩትም» አለ። «ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ።»

ከእሱ ቤት እስከ እኛ ቤት አሥር ደቂቃ እንኳ አያስኬድም ነበር።