ባዶው አፎት

ጫኔ የሞተ ጊዜ ወለተሩፋኤል መጀመሪያ አለቀሰችለት፤ ቀጥላ ተቆጣችው። በሕይወት ሳለ «ኧረ አንተ ሰው፣ ይኸን ሽጉጥ አስመዝግበው፣ አዋጅ ወጥቷል» እያለች ያልጨቀጨቀችበት ጊዜ አልነበረም። እሱ ግን «ከጣሊያን ስቀማው ማንን አስፈቀድኩ?» ይልና ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ እርሻው ይሄዳል። አሁን እሱ በነሐሴ ውጋት ተገላግሎ ሄደ፤ ጣጣው ለእሷ ቀረ።

በአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ወንድ ሲሞት በአርባው የሩቁም የቅርቡም ዘመድ ይሰበሰብና ለቅሶው ሜዳ ላይ ይደገማል። የሟቹ ልብስና መሣሪያ በሰው እጅ ተይዞ ይወጣል፤ አልቃሽ እሱን እያየች ትገጥማለች፣ ወንዱ እሱን እያየ ይፎክራል። ሜዳ ወጥቶ የተለቀሰበትን መሣሪያ ከዚያ ወዲያ «የእሱ አልነበረም» የሚል አይገኝም። ነውር ነው።

ጫኔ ደግሞ ከዚያ ሽጉጥ በቀር ምስክር አልነበረውም። የጣሊያንን ዘመን ዱር ለዱር ሲንከራተት ኖሮ፣ ሹመትና ሜዳሊያ ሲታደል እሱ አረም ላይ ነበር። የአጎቱ ልጅ ማሩ በየጠላ ቤቱ «ጫኔ እኮ ሽጉጡን ከባንዳ በጊደር ነው የለወጠው» እያለ ሰው ሲያስቅበት፣ ጫኔ አንድም ቀን መልስ አልሰጠውም፤ ሽጉጡንም ከአፎቱ አውጥቶ ለሰው አሳይቶ አያውቅም። ወለተሩፋኤል ግን አንጀቷ ሲያርር ኖሯል። «በአርባው ሽጉጡን አወጣዋለሁ፤ ማሩም ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያል» ብላ ማለች።

ይኸን የሰማው የቀበሌው ጭቃ ሹም መጣና፣ «እመት ወለተሩፋኤል፣ ፈቃድ የሌለው ሽጉጥ አደባባይ ከወጣ የምታሰረው እኔ ነኝ። ጎንደር ውረጂና ለአንድ ቀን እንኳ አስፈቅጂ» አላት።

ሽጉጡን ከነአፎቱ በመቀነት ጠቅልላ፣ አንድ ጠቦትና አንድ ቅል ቅቤ ይዛ፣ በጭነት ማኪና ጎንደር ገባች። ፈቃድ የሚሰጠው ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ቢጫ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ የጣሊያን ይሁን እንጂ ደጅ ማስጠናቱ የራሳችን ነበር።

ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለባላገር ማመልከቻ የሚጽፍ መሪጌታ ወልደኢየሱስ የሚባል ሰው ነበር። ብዕሩን ቀለም እያስነካ፣ «እኅቴ፣ ምንም ሳትደብቂ ንገሪኝ። የሹም ልብ የሚራራው ነገሩ ሲጣፍጥለት ነው» አላት።

እሷም ጫኔ ለእሷ ብቻ ያጫወታትን ነገረችው። ሊማሊሞ ላይ የጣሊያኑ መኮንን ማኪናውን አቁሞ፣ ጫማውን አውልቆ ጠጠር ሲያራግፍ ጫኔ ከገደሉ ወጥቶ አነቀው። ሲተናነቁ ሽጉጡ ድንጋይ ላይ ወድቆ እጀታው ተሰበረ፤ በኋላ ጫኔ ራሱ ከወይራ ጠርቦ ሌላ አደረገለት። ጫማውን ባወለቀ ሰው ላይ መውጣቱ ስላሳፈረው ይኸን ለማንም ተንፍሶ አያውቅም። መሪጌታ ሁሉንም አሳምሮ ጻፈው።

ከዚያ ወዲያ «ዛሬ ሂጂ፣ ነገ ነይ» ሆነ። ጠቦቱ ለበረኛው ሄደ፤ ቅቤው ወደ ጓዳ ገባ። በመጨረሻ ቀኛዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ ዘንድ አቀረቧት። ፈቃድ የመስጠትና የመንሳት ሥልጣን በዚህ ሰው እጅ ነበር።

«ሽጉጥ ለሴት?» አለ ቀኛዝማች። «ማንን ልትገድይበት ነው?» በዙሪያው የቆመው ሁሉ ሳቀ።

«የምገድለው የለኝም፣ ጌታዬ፤ የሞተ ነው ያለኝ» አለች።

ሳቁ ቆመ። ቀኛዝማች ማመልከቻውን አነበበው፤ ደግሞም አነበበው። ሽጉጡን ከአፎቱ መዝዞ የወይራውን እጀታ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ይኸ ለምርመራ እዚህ ይቆያል» አላት። «አይዞሽ፣ በተዝካሩ ዕለት እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ጃንሆይ ይሙቱ!» ብሎ ማለላት። አፎቱን ግን መለሰላት። «ያዢው፤ ቆዳ ፈቃድ አያሻውም።»

በንጉሥ ስም ተምሎ ይቀራል ብላ አላሰበችም፤ መሬት ስማ ወጣች። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ። እሷ ግን ሞኝ አልነበረችም፤ ቃል ቃል ነው ተብላ ያደገች ሴት ነበረች። ዞሮ ዞሮ ሞፈሩ መቆረጡ አልቀረም።

የተዝካሩ ዕለት ዳሱ ሞልቶ፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው፣ ሰዉ ገበታ ቀርቦ ሳለ ቀኛዝማች በበቅሎ መጣ። ወለተሩፋኤል ከሩቅ ስታየው ልቧ በራ። ማሩን ዞር ብላ አየችው፤ «እስቲ አሁን የት ትገባ ይሆን?» የሚል አስተያየት ነበር። ቀኛዝማች ከበቅሎው ሲወርድ ካባው ተገለጠ፤ ሽጉጡ በቀበቶው ተሸጉጧል። የወይራውን እጀታ ለየችው። ፈትቶ ይሰጠኛል ብላ ጠበቀች። እጁን ታጠበ፤ በላ፤ ጠላም ደገመ።

ጠጋ ብላ፣ «ጌታዬ፣ ለቅሶው ሜዳ ሊወጣ ነው፤ ሽጉጡን…» አለች በሹክሹክታ።

«ፈቃዱ እኮ ወጥቷል» አላት ደረት ኪሱን መታ መታ እያደረገ። «ባለቤቱ የሞተ መሣሪያ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ለእኔ ፈቀደልኝ። ይዤው እመጣለሁ አላልኩሽም? ይዤው መጣሁ።»

ይኸን ጊዜ ማሩ ከታችኛው ገበታ አንገቱን አስግጎ፣ «ቀኛዝማች፣ ሸጋ ሽጉጥ ነው! ከየት አገኙት?» አለ።

ቀኛዝማች ጠላውን ጎንጨት አደረገና ጀመረ። ሊማሊሞ ላይ፣ ጣሊያኑ ማኪናውን አቁሞ፣ ጫማውን አውልቆ ጠጠር ሲያራግፍ… ድንጋዩን አላስቀረ፣ የተሰበረውን እጀታ አላስቀረ። ጫኔ ያፈረበትን እሱ እየሳቀ ተረከው። ዳሱ «ጎሽ! የወንድ ልጅ!» አለ፤ በጫኔ ተዝካር፣ የጫኔን እህል እየበላ። ወለተሩፋኤል በዚያች ደቂቃ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሽጉጡ ሄደ፤ ታሪኩ ግን አብሮት ይሄዳል ብላ አልጠረጠረችም ነበር።

ጓዳ ገባች። አፎቱን ከተሰቀለበት አውርዳ ወጣችና በሰው ሁሉ ፊት ለቀኛዝማች ዘረጋችለት።

«አፎቱን ረስተውታል፣ ጌታዬ» አለች፤ ድምጿ እስከ ዳሱ ጥግ ተሰማ።

ቀኛዝማች አንዴ አፎቱን፣ አንዴ እሷን አየ። ከዚያ ሽጉጡን ከቀበቶው አውጥቶ ከተተው። እጀታው ሲነካው ኖሮ ቆዳው የተላጠባት ቦታ ሳትቀር ገጠመች። ሰው ሁሉ አየ። አይቶም ወደ ገበታው አቀረቀረ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ይኸ ሰውዬ እኮ ንጉሥም አልነበረም።

«ልክክ አለ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ቀኛዝማች፤ ታጠቀውም።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶው ሜዳ ወጣ። የጫኔ ጋቢ ብቻ ተያዘለት፤ አልቃሿም ለጋቢ የሚገጠም ቢቸግራት የሰውየውን ደግነት ስታነሣ ዋለች።

አመሻሹ ላይ እንግዳው ሲበተን ማሩ ዳሱን ሊያፈርስ ቀረ። ወለተሩፋኤል ገንቦ ስትሰበስብ ጠጋ አላትና፣ «አፎቱ ሲገባ አየሁት» አላት። «የጫኔ ነው። ታሪኩም የጫኔ ነው። ስበድለው ኖሬአለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ፣ አያ ማሩ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንድ ቃል?»

ማሩ የዳሱን ገመድ ጠቅልሎ ጨረሰ።

«እኔም ለጠመንጃዬ ፈቃድ አመልክቼ እየጠበቅሁ ነው» አላት።