ውቢት የመሰከረችላት እጅ

በሆሳዕና ቅቤ ተራ ውቢትን የማያውቅ ካለ፣ እሱ ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ሲበላ የኖረ ሰው ነው። ከጊምቢቹ አካባቢ ተድራ ከመጣች ወዲህ ሥራዋ ይኸው ነው፤ የገጠር ሴቶች በኮባ ጠቅልለው ያመጡትን በቀኝ አውራ ጣቷ ጫን፣ አሸት ታደርግና "ይሄ ንጹሕ ነው፤ ያኛውን ወደዚያ በይው" ትላለች። ባሏ ከሞተም በኋላ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች እጅ ነው።

ስትሮክ መጥቶ የወሰደባትም እሷኑ ነው። አንድ ጠዋት ራሷን ሲያማት ቆየና ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። እግሯ እያደር ተመለሰ። እጇ ግን እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠልጥላ ቀረች። ውቢት ከዚያ ወዲህ ፍርሃት አልተለያትም። ግራዋም ትከዳኝ ይሆን እያለች ጣቶቿን አሥር ጊዜ ታፍተለትላለች። ልጆቿ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ካወሩ ስለ እሷ ሞት የሚመክሩ ይመስላታል።

በከተማው አንድ የማገገሚያ ክፍል እጅ የሚያሠራ ሮቦት መጣ ሲባል ልጆቿ ወሰዷት። ሮቦት ሲሏት ሁለት ዓይን ያለው ነገር ጠብቃ ነበር። ያገኘችው ግን ጠረጴዛ ላይ የተተከለ የብረት ክንድ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ አቢጋኤል የውቢትን እጅ መያዣው ላይ አስተኝታ በቀበቶ አሰረችላት። ማሽኑ እዝዝ ሲል ውቢት ዓይኗን ጨፍና "በኢየሱስ ስም!" አለች።

"አይዞዎት እማማ፣ አይነክስም።"

"የማይነክስ ከሆነ እኔን ለምን አሰርሽኝ?"

አቢጋኤል ሳቀች። ማሽኑ የጎደለውን እየሞላ እንደሚያግዝ አስረዳቻት። ውቢት ግን ከፍርሃቷ የተነሳ ከነገሩ ግማሹም አልገባትም።

ከብዙ ቀን ምልልስ በኋላ፣ አንድ ሐሙስ፣ እንደ ልማዷ ጨፍና ቆይታ ዓይኗን ብትገልጥ እጇ ከፊቷ ወደ ላይ ትወጣለች። ቀጥ ብላ፣ ሳትንቀጠቀጥ። አቢጋኤል ሌላ ታማሚ ጋ ሄዳ ነበር፤ ውቢትም ማንንም አልጠየቀችም። አለቀሰች፤ ልቅሶዋን እንደያዘች ወደ ቤቷ ሄደች።

እሁድ በቤተ ክርስቲያን "ምስጋና ያለው" ሲባል ተነሳች። "ይህቺ እጄ ስትነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ጌታ ፈውሶኛል!" አለች። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እጅሽን አሳዪን ያላት አልነበረም፤ በእነሱ ዘንድ ፈውስ መጀመሪያ በእምነት ተቀብሎ ይመሰከራል፣ ሥጋ ከኋላ ይደርሳል። የመሰከሩትን መልሶ መካድ ግን ጥርጥር ይባላል፤ ጥርጥር ደግሞ የመጣውን በረከት ያባርራል።

ማክሰኞ አቢጋኤል አጠገቧ ተቀመጠች። "ዛሬ እገዛውን ቀንሼዋለሁ፤ እስቲ በራስዎ ይሞክሩ።"

ውቢት ሞከረች። ላብ አጠመቃት። እጇ መያዣው ላይ ተኝታ ቀረች።

"ሐሙስ እኮ ተነስታ ነበር!"

"ሐሙስ አብዛኛውን ያነሳው ማሽኑ ነው፣ እማማ። የእርስዎም ትንሽ አለችበት። ከሠራን ትጨምራለች። እስከ የት እንደምትደርስ ግን ቃል አልገባልዎትም።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ውቢት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራ ወጣች። የሰው ፊት እሳት ነው፤ አሁን እውነቱን ብትናገር "በጥርጥሯ አጣችው" ይሏታል። ዝም ብትል ደግሞ አንድ ቀን አንዱ ያያታል። ጉባኤውንም ፈራች፣ ከሁሉ በላይ ግን ባልሠራው ነገር ስሙን የጠራችውን ጌታ ፈራች።

በማግስቱ ቅቤ ተራ ዳር ቅቤዋን ይዛ ተቀምጣ ሳለ የጎረቤቷ የመምህር ሆሴዕ ሚስት፣ የሚክያስ እናት፣ መጣች። መምህር ሆሴዕ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የደም ግፊት አለባቸው፤ ዕድሜ ልካቸውንም ልጆችን "በግራ እጅ አትቀበሉ!" እያሉ ሲቆጡ የኖሩ ናቸው።

"እህት ውቢት፣ ምስክርነትሽ የኛንም ቤት ነካው" አለቻት ሴትዮዋ። "ባለቤቴ፣ ውቢትን የፈወሰ እኔን ያቅተዋል ወይ ብሎ የግፊት ክኒኑን ተወው። ከእሁድ ወዲህ አልነካውም። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ግን ራሴን ራሴን እያለ ነው።"

ያን ክፉ ጠዋት ውቢትም መጀመሪያ ያማት ራሷን ነበር። ቅቤውን ለማንም አደራ ሳትል የሚክያስን እናት ጎትታ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ሲደርሱም ሾፌሩን በር ላይ እንዲጠብቅ አስጠነቀቀችው።

መምህር ሆሴዕ ግንባራቸውን በሻሽ አስረው ተቀምጠዋል። ሲያይዋት ፊታቸው በራ፤ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። "ነይ እስቲ! በዚያች በተፈወሰችው ጨብጪኝ!"

ውቢት በግራ እጇ ቀኟን ከነጠላው ውስጥ አወጣቻትና መዳፋቸው ላይ አኖረቻት። ሰውዬው አጥብቀው ጨበጡ። እየሣቁ እስክትጨብጣቸው ጠበቁ። ሣቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ጠፋ።

"ያነሳት ማሽኑ ነው፣ የሚክያስ አባት" አለች። "ሳልጠይቅ ነው የመሰከርኩት። አልዳንኩም። እሁድ ለጉባኤውም እናገራለሁ። ክኒንዎን ይዋጡና ሐኪም ጋ እንሂድ፣ ባጃጁ በር ላይ ነው።"

"ጥርጥር እንዳይሆንብን፣ ውቢት።"

"ጥርጥር ከሆነ ጌታ በእኔ ላይ ይቁጠረው። እርስዎ ግን ይዋጡ፤ እለምንዎታለሁ!"

መምህር ሆሴዕ እጇን አዩ። ከዚያ እሷን አዩ። "አምጪው" አሉ ለሚስታቸው።

ሚስትየው ክኒኑንና ውኃውን ይዛ እየሮጠች መጣች። የመምህሩ ቀኝ እጅ የውቢትን እንደያዘ ነበር፤ ሊለቃትም አልፈለገም። ክኒኑን በግራ እጃቸው ተቀብለው ዋጡ።