ከስፒከሩ ጀርባ ያለችው ቦታ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ። ጾም በገባ ቁጥር እየሄድኩ የመጠጤን፣ የቁጣዬን፣ የሐሜቴን ነገር ዘርዝሬ ስመለስ፣ ይቺን አንዷን ሆዴ ውስጥ እንደያዝኳት እመለሳለሁ። ማግኔት ምን እንደሚሠራ ለቄስ ማስረዳት ይከብዳል እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ምን ይከብዳል? በእኔ ጥፋት ሰው አስወነጀልኩ ለማለት ማግኔት ምን ያደርጋል? እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት፣ ቦሌ አትላስ አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ሥራዬን እወዳለሁ፤ ከሥራዬ ይልቅ ግን "ግርማ የነካው ነገር ተመልሶ አይበላሽም" መባሉን እወድ ነበር። ጌታቸው የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ውስጥ ጸሐፊ ነው። አንድ ቀን፣ ውጭ አገር የሚመላለስ ሰው ያመጣለትን የኮምፒውተር ቦርድና ኪቦርድ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሱቄ ይዞት መጣ። ሳጥን የለው፣ ድምፅ የለው። ፕሮግራሙን የሚያነበው ከተራ ካሴት ነው፤ ስክሪን የሚሆነው የቤታቸው ቴሌቪዥን ነው። "ሁሉንም በአንድ ሳጥን አግባልኝ፤ በአንድ እጄ አንጠልጥዬው የምሄድ ትንሽ ሳጥን" አለኝ። ፕሮግራሙን እሱ ከመጽሔት ተምሮታል፤ የሽቦውን ነገር ለእኔ ተወው።

ሳጥኑን ከቺፑድ ሠራሁት። ቦርዱን ታች፣ ቴፑን መሀል አስቀመጥኩ። ከሞቱ የመኪና ሬዲዮኖች የፈታኋቸውን ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች ግራና ቀኝ ገጠምኩና፣ እንዳይንቀጠቀጡ ዙሪያቸውን በአሮጌ ካልሲዬ ጠቀጠቅሁት። ሁሉም ገብቶ ሲያልቅ፣ ከቀኙ ስፒከር ጀርባ አንዲት ባዶ ቦታ ቀረች፤ ልክ ካሴት የምታስገባ። እኔ ደግሞ ቦታ ማባከን አልወድም። ከኋላ በር አበጀሁላትና የካሴት ማስቀመጫ አደረግኳት። ጌታቸው ሲያያት በደስታ ሳመኝ። የስፒከር ማግኔት ካሴት እንደሚያጠፋ አላውቅም ነበር? አውቃለሁ እንጂ! ደንበኞቼን "ካሴት ስፒከር ላይ አታስቀምጡ" እያልኩ የምቆጣ ሰው ነኝ። መሀላቸው ስስ ቆርቆሮ ከተትኩና ይበቃዋል አልኩ።

ጌታቸው ከእናቱ ከእትዬ ዘነበችና ከወንድሙ ሚስት ከሰናይት ጋር ነበር የሚኖረው። ወንድሙ ደረጀ ሰሜን ዘምቶ እዚያው ቀርቷል። ከመሞቱ በፊት ድምፁን በካሴት ቀድቶ በሰው ልኮላቸው ነበር፤ ያኔ ከደብዳቤ ይልቅ እንዲህ የሚያደርግ ብዙ ነበር። እትዬ ዘነበች ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልለው ሻንጣቸው ውስጥ ያኖሩታል። ሲናፍቃቸው የምትከፍትላቸው ሰናይት ናት። እሳቸው ቴፕ መንካት ይፈራሉ።

ኮምፒውተሩ ከተሠራ ጥቂት ቆይቶ ጌታቸው "ፕሮግራሙ እምቢ አለኝ" ብሎ ጠራኝ። ካሴቱን ከዚያች ቦታ ሳወጣው ነገሩ ወዲያው ገባኝ። "አጥፍቻለሁ፣ ፈትቼ ላስተካክለው" ማለት ምን ነበረበት? እኔ ግን "ካሴቱ ርካሽ ነው፣ ሌላ ግዛ፤ ለጊዜው ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው" አልኩት። ሌላ ቀን መጥቼ በዘዴ ላስተካክል ነበር። ያ ሌላ ቀን ሳይመጣ፣ እትዬ ዘነበች ባዶዋን ቦታ አዩና የልጃቸውን ካሴት እዚያ ከተቱት። ግርማ የሠራው ነው፣ አቧራም አይገባበት ብለው። ቦታዋን ባዶ ያስደረግኳት እኔው ነኝ።

የደረጀ ሙት ዓመት ደረሰ። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ፣ ቄሶቹ መርቀው ከሄዱ በኋላ እትዬ ዘነበች "እስቲ ልጄን አሰሙኝ" አሉ። ሰናይት ካሴቱን ከቦታው አውጥታ ከፈተችው። "እማዬ፣ እንደምን" አለ ደረጀ፤ ድምፁ ሰመጠ። ተመለሰ፣ ደግሞ ሰመጠ። ጥቅሉ በዞረ ቁጥር ማግኔቱ ያገኘው ጎን ሲደርስ ልጁ ይጠፋል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። ምን እንደሆነ እዚያ ቤት ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ባለሙያው እኔ ነኛ! "የሪከርድ ቁልፍ ተነክቶበታል" አልኩ።

ውሸቴን ነው። ሪከርድ ቢነካበት ጭራሹን ይጠፋል እንጂ እንዲህ እየሄደ አይመለስም። የሰናይትን ስም አልጠራሁም እኮ እያልኩ ለብዙ ዓመት ከራሴ ጋር ተከራክሬያለሁ። መጥራት ያስፈልግ ነበር? ያንን ካሴት የምትከፍት እሷ ብቻ እንደሆነች አላውቅም ነበር?

እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ። "ልጄን ጦርነት ወሰደው፤ ድምፁን ደግሞ አንቺ? ልትረሺው ይህን ያህል ቸኮልሽ?"

"በደረጀ አጥንት! አልነካሁትም እትዬ!" አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ የሚያውቅ ሰው ይናገርልኝ ብላ። እኔ ስፒከሮቹን አየሁ።

ብዙም ሳትቆይ ልብሷን ይዛ ጎሮ አክስቷ ዘንድ ገባች። ያኔ ጎሮ ገጠር ነበር። እኔ ደግሞ የስፒከሩን ድምፅ ላሻሽለው ብዬ ሄጄ ያቺን ቦታ በጣውላ ደፈንኳት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔስ ወለምታ እንኳ አይደለም፤ አስቤ የተናገርኩት ነው።

ከዓመታት በኋላ እትዬ ዘነበች አረፉ። ሰናይት ለቀብራቸው መጥታ ከሰው ኋላ ቆማ አለቀሰች። ሰው ሲበተን ጠጋ አለችኝ። "ጋሼ ግርማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ጊዜ ሳላውቀው ነክቼው ይሆን? ሁልጊዜ አስባለሁ። ልከፍትላቸው ስል እጄ ስቶ ይሆን?"

ያን ቀን ማንን እፈራ ነበር? አንድ ቃል ይበቃት ነበር። እኔ ግን ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ "ይሆናል፣ ሰናይት። በማንም ይደርሳል፤ አትጨነቂበት" አልኳት። ጥፋቴን አሸክሜያት፣ ይቅር ባይ ሆንኩላት።

"እግዜር ይስጥህ" አለችኝ። ቀለል ያላት ትመስል ነበር።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የምትሉት እናንተ አይደላችሁም። ዘመኑ ክፉ ነበር ብዬም አላመካኝም፤ ካሴቱን ያጠፋው ዘመኑ አይደለም። የት እንዳለች አላውቅም እንዳልል አውቃለሁ፤ ዛሬም ጎሮ ናት፣ ታክሲ ከደጄ ይሄዳል። ስንት ጊዜ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ከዚህ በፊት ጮክ ብዬ ብዬው የማላውቀውን እነሆ አልኩት፦

ሰናይት፣ እጅሽ አልሳተም።