ዳማ ያላወቀችው ሽቶ

ኮምቦልቻ የቆዳ መጋዘን የሚጠብቀውን ሀፊዝን በአፍንጫው የማያውቅ ሰው ቢኖር ጉንፋን የያዘው ብቻ ነው። ስድብ አይምሰላችሁ። ጨው ከተነሰነሰበት የበግ ቆዳ ጎን ውሎ የሚያድር ሰው ሽታው ቀድሞት ይገባል። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤቱ በሚኒባስ ሲወጣ አጠገቡ የተቀመጠው ሁሉ መስኮት ይከፍታል። ይሄኔ ሀፊዝም አፍንጫውን ይይዝና «ማነው ይሄ?» በሚል ዓይን ወደ ኋላ ይገላመጣል። የዋዛ ተዋናይ አይደለም።

መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ግን ያ ሽታ መታወቂያው ነው። የግቢው ውሾች ሰውን በመልክ አያምኑም። መሪያቸው ዳማ የምትባል ሴት ውሻ ናት። መጀመሪያ እሷ ታሸታለች፤ እሷ ጭራዋን ከቆላች ሌሎቹም ይቆላሉ፣ ጥርሷን ካሳየች ሌሎቹም ያገጣሉ። ከራሳቸው መሀል አንዱ ሌላ ሰፈር ውሎ ቢመጣ እንኳ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሳይፈትሹ አያስገቡትም። ሀፊዝን ግን ገና ከበር ማዶ በዚያ ግማታም ካፖርቱ ይለዩታል። ካፖርቱን መሬት ላይ ከጣለው ዳማ ላዩ ላይ ተንከባላ ነው የምትተኛው።

እንግዲህ ይሄ ሰው ሱሀይላን ወደደ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት የአባባ ዘይኑልአቢዲን ልጅ ናት። እሷን ሊያገኝ ሲል ሻወር ቤት ገብቶ ቆዳው እስኪቀላ ይፈትግና ሽቶ ይነከራል። የመጋዘን ኃላፊ ነኝ ብሏታላ! ሲያረፍድባት ደግሞ አፉን ሞላ አድርጎ ስብሰባ ነበረብኝ ይላታል። ስብሰባው ከዳማ ጋር ነው።

አባባ ታዲያ ሽማግሌ ከመላክህ በፊት መዋያህን ልየው አሉት። ሀፊዝ መጋዘኑ የሚዘጋበትን እሁድን መረጠ። የቀን ጥበቃውን ኪዳኑን ውሾቹን እንዲያስርለት ለመነው። ኪዳኑም አብሽር ብሎት፣ ረስቶት ዝክር ሄደ።

ሀፊዝ በአዲስ ኮትና በአዲስ ጫማ፣ ሽቶው ዓይን እያስለቀሰ፣ እንደ ኃላፊ ቁልፉን አሽከርክሮ ለአባባ በሩን ከፈተላቸው። ውሾቹ ብቅ አሉ።

«የማን ናቸው እነዚህ?» አሉ አባባ።

«የጥበቃው ናቸው አባባ። እኔ በስምም አላውቃቸው።»

ዳማ ቀረበች። ከጫማው ጀምራ አሸተተችው። ሳሙና፣ ሽቶ፣ አዲስ ጨርቅ። የምታውቀው ነገር አጣችና ከንፈሯን ገልጣ አጉረመረመች። ሌሎቹ እሷን አይተው ከበቧቸው። ዳማ ብሎ ቢጠራት በድምፁ ትለየው ነበር። ስሟ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፤ ግን አሁን አላውቃቸውም ብሎ እንዴት ይጥራት? አንዱ ውሻ ዘሎ የአባባን ሽርጥ ጫፍ ነከሰ።

«ያ አላህ! ሀፊዝ!» አሉ ሽማግሌው።

ሀፊዝ የኋሊት እየሸሸ የጥበቃ ቤቷ ደጃፍ ደረሰ። ካፖርቱ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ካፖርቱን አየ፣ አባባን አየ። ከዚያ አውርዶ ከአዲሱ ኮት በላይ ለበሰው።

ዳማ ጆሮዋን ጣለች። መጥታ አፍንጫዋን ብብቱ ስር ወተፈችና ጭራዋ ወገቧን እስኪያወዛውዘው ድረስ ቆላች። ሽርጡን የያዘውም ለቀቀና ሁሉም ተከተሏት።

አባባ ውሃና አፈር አምጣ አሉት። የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ፣ እሳቸው እንደተማሩት፣ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው። እሳቸው ያሻሉ፣ ሀፊዝ ከጀሪካን ያፈሳል። ካፖርቱ በኮምቦልቻ ሙቀት ይተናል። ሽታውን ደብቆ የኖረባቸው ሰውዬ አፍንጫ ስር ነው ያጎነበሰው።

«ጥበቃው የት ሄደ አልከኝ?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«የዚችስ ስሟ ማነው?»

«ዳማ።»

«በስም አላውቃቸው ብለኸኝ አልነበር?»

ውሃው አልቋል፤ ሀፊዝ ባዶ ጀሪካን ማዘንበሉን ቀጠለ። እግሩ ስር የተጋደመችውን ዳማን ዓይን ዓይኗን ማየት አቃተው። እሷ እንኳ ሽቶውን ነው እንጂ እሱን አልካደችም፤ እሱ ግን እያወቃት ነው የካዳት።

አባባ ሽርጣቸውን ጨመቁ። «ልጄን የጠየቅከኝ አንተ ነህ ወይስ ሽቶው? ጁምዓ ከሰላት በኋላ ናና ለሱሀይላ በራስህ አፍ ንገራት። የሰው ውሸት ተሸክሜ ቤቴ አልገባም።» እሺም እንቢም ሳይሉት ሄዱ።

ጁምዓ ዕለት ሀፊዝ በተራ ሳሙና ታጥቦ፣ ሽቶ ሳይነካ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ገና የሐረጎን ዳገት ሳይጨርሱ አጠገቡ ያሉት ሴትዮ መስኮቱን ከፈቱና እዚህ ምን ሞቶ ነው አሉ። ሰው ሁሉ ዞረ። የሀፊዝ አንገትም እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሊገላመጥ ጀመረ፣ መሀል ላይ ቆመ።

«እኔ ነኝ እናቴ። የቆዳ ጥበቃ ነኝ» አለ። ፊቱ እሳት ሆነ።

ሴትዮዋም አፈሩና ምንም አይደል ልጄ አሉት። መስኮቱን ግን አልዘጉትም።