አልረሳሽም ነበር

ይህን ነገር ከእኔ ሌላ ያወቀ ሰው ባለቤቴ አስረስ ብቻ ነበር፤ እሱም ባለፈው ክረምት ይዞት ወደ መቃብር ወረደ። አሁን የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔም ስሞት ነገሩ እንዳልተደረገ ይሆናል። ያስፈራኝ ይህ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር በልቡ የያዘ ሰው ወደ ቄሱ ሄዶ ይናዘዝ ነበር። የእኔ ቄስ ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጆቼም ይህን ልማድ አያውቁትም። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ እናዘዛለሁ።

እኔ ትርንጎን በደልኳት። ያውም በሁለት በደል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል።

ከትርንጎ ጋር ባንድ አውሮፕላን ወደዚህ አገር መጣን። ሽኩና ሄ በሚባል ሰፈር ባንድ ሕንጻ፣ ባንድ መወጣጫ ደረጃ ነው የምንኖረው፤ እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ። ልጆቻችንን አብረን አሳደግን። ከእሷ ቤት ወደ እኔ፣ ከእኔም ወደ እሷ ሲገባ በር አይንኳኳም፤ ገፋ አድርጎ መግባት ነው። እሷ ትምህርት ቤት ደጃፍ ደርሳ አታውቅም። እኔ ጎንደር ከተማ ተምሬ ስለነበር የአገሩ ቋንቋ ዕብራይስጡም ቶሎ ገባኝ። በዚህ የተነሳ የሕንጻችን ሴቶች ሁሉ ጉዳያቸውን ወደ እኔ ያመጡ ነበር። ሐኪም ቤት እኔ፣ ትምህርት ቤት እኔ፣ ባንክ እኔ። «እሷ ካለችው አበቃ» ይሉ ነበር። ይህ ነገር ደስ ይለኝ ነበር። ለምን እዋሻለሁ?

አብረን የጽዳት ሥራ እንሠራ ነበር። ጠዋት ታሃና መርካዚት፣ ዋናው አውቶቡስ ተራ፣ እንሰበሰባለን፤ የቃብላኑ መኪና መጥታ ከፊሎቻችንን ቢሮዎች ላይ፣ ከፊሎቻችንን ዖሜር በሚባለው መንደር ሀብታሞቹ ቤት ታራግፈናለች። ቃብላን የምንለው ሥራውን በኮንትራት ይዞ እኛን የሚያሠራውን ሰው ነው። ቋንቋ ስለማውቅ የሴቶቹ ኃላፊ አድርጎኝ ነበር።

አንድ ቀን ለብቻዬ ጠራኝ። «ከመጪው ወር ጀምሮ ሴቶቹ ሁሉ ዓጽማኢ ይሆናሉ» አለኝ። ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። እያንዳንዷ ግብር ቤት የራሷን ፋይል ከፍታ ለእሱ ደረሰኝ ትሰጣለች፤ የደመወዝ ወረቀት ከዚያ ወዲያ የለም። «አንቺ ግን እንዳለሽ ትቀጥያለሽ፤ ደመወዝተኛ። አንቺ ብቻ አስረጂልኝ። እኔን አይሰሙኝም፣ አንቺን ይሰሙሻል።»

የሚለኝ ገብቶኝ ነበር። ሥራው ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ መወልወያው እንኳ የእሱ ነው፤ የሚለወጠው ስማቸው ብቻ ነው። ሠራተኛ መባላቸው ሲቀር የሕመም ፈቃዱ፣ ጡረታው፣ የስንብት ካሳው አብሮ ይቀራል። ይህን ሁሉ ያን ዕለት አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብዬ የምሸሸግበት ጥግ የለኝም።

በማግሥቱ መኪና ውስጥ ነገርኳቸው። የነገርኳቸው ጣፋጭ ጣፋጩን ነው። በእጃችሁ የሚገባው ይጨምራል አልኩ። የራሳችሁ አለቃ ትሆናላችሁ አልኩ።

«እኔው አለቃ ከሆንኩ» አለች ትርንጎ፣ «ወገቤን ሲያመኝ ማንን ልርገም?»

መኪናው ሙሉ ሳቅ ሆነ። ቃብላኑም ምን እንደተባለ ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

«ቃብላንሽን መርገም አልተከለከለም» አልኳት።

«እንግዲያስ ይሁን። አንቺ ካልሽው ይሁን።»

የግብሩን ፋይል የቃብላኑ ሒሳብ ሠራተኛ ከፈተላቸው። የቀረው ቢቱዋሕ መመዝገብ ነበር፤ የመድን መሥሪያ ቤቱን እዚህ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንለው። ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው አደጋ ሳይደርስበት በፊት እዚያ ካልተመዘገበ፣ በሥራ ላይ ወድቆ ቢሰበር የሚደርስለት የለም። ይህንንም አውቅ ነበር። ቃብላኑ ግን «ለእሱ አትቸኩሉ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ገብቶኛል። እዚያ ሄደው ለማን ትሠራላችሁ፣ ሰዓታችሁን ማን ይወስናል፣ ባልዲውን ማን ይሰጣችኋል ቢባሉ፣ ዓጽማኢ የሚባለው ነገር ውሸት መሆኑ ይወጣል።

ትርንጎ ደረጃ ላይ አግኝታኝ «የዚያ የቢቱዋሑ ነገርስ?» አለችኝ።

«እኔ አለሁልሽ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኳት።

አልጨረስኩትም። ስንፍና አልነበረም፤ መርሳትም አልነበረም። የራሴን የደመወዝ ወረቀት መረጥኩ። የመጀመሪያው በደሌ ይህ ነው።

ከዚያ ትርንጎ ዖሜር ውስጥ አንድ ቤት ደረጃ ስትወለውል ባልዲዋን እንደያዘች ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። ልጇ ኦስናት ያን ጊዜ ገና ከውትድርና መመለሷ ነበር፤ የእናቷን ካሳ ልትጠይቅ ሄዳ «አልተመዘገበችም» ተብላ ተመለሰች። እኔ ሆስፒታል ስገባ ሁለቱም ይጠብቁኝ ነበር።

«እኔ እጨርሰዋለሁ አላልሽኝም ነበር?» አለችኝ ትርንጎ። ቁጣ አልነበረባትም። ለመጠየቅ ያህል ብቻ ነበር።

እውነቱን ብናገር ምን ይመጣብኝ ነበር? ከሥራ እባረራለሁ። በሰፈሩ ስሜ ይጠፋል። ይኸው ነበር። እኔ ግን አፌን ከፍቼ «እንዴ ትርንጎ!» አልኩ። «እኔ መሄድ አልቻልኩም፣ መታወቂያሽን ይዘሽ ራስሽ ሂጂ ብዬሽ የለም ወይ? ደረጃው ላይ ቆመን! አንቺ ያን ዕለት ቲማቲም ገዝተሽ ከገበያ ስትመለሺ! ረሳሽው?»

ቲማቲሙን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ውሸቴ እንዲቆም ድጋፍ ሰጠሁት።

ትርንጎ ትኩር ብላ አየችኝ። ዓይኗ ወደ ውስጥ ሲመለስ፣ ያችን ቀን ሲፈልግ፣ ሲያጣት ታየኝ።

«ነግረሽኛል?»

«ነግሬሻለሁ።»

«እንግዲያ ረስቼው ነው» አለች ቀስ ብላ። ኦስናት በዕብራይስጥ «እማ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ትረሻለሽ?» አለቻት። እናቲቱ አፈረች። እኔ በዚያ ቆሜ ሳለሁ እሷ አፈረች።

ሁለተኛው በደሌ ይህ ነው። እያነከሰችም ቢሆን ዳሌዋ ገጠመላት። ጭንቅላቷን ግን እኔ ሰበርኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ትርንጎ ራሷን አታምንም። ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ ወይ ብላ ከአውቶቡስ ፌርማታ ትመለሳለች። ጨዋታ ጀምራ መሐል ላይ ትቆምና «እንዲህ ነበር ወይስ አልነበረም? አንቺ ንገሪኝ» ትለኛለች። እኔን! ቀስ በቀስ ገበያ ለብቻዋ መውጣት ተወች። ኦስናት ሐኪም ጋር ወሰደቻት፤ ሐኪሙ ምንም የለባትም አለ። «እሱም ረስቶት ይሆናል» ብላ ሳቀች ትርንጎ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን የአስተስርዮ፣ የእኛ የአይሁዶቹ የስርየት ጾም፣ ዋዜማ ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይቅርታ ይጠያየቃል። ትርንጎ በየዓመቱ በዚያ እግሯ የብረቱን መደገፊያ ይዛ ደረጃውን ትወጣለች። «ባወቅሁትም ባላወቅሁትም ያስቀየምኩሽ ካለ ይቅር በይኝ» ትለኛለች። «እኔ መቼም ዝንጉ ነኝ፤ በድዬሽ ረስቼው ይሆናል።»

እኔስ? «እግዜር ሁላችንንም ይቅር ይበለን» እላታለሁ። ይህን ብዬ ጾም ጾሜአለሁ። የማንን ጾም ነበር የምጾመው?

አስረስ እሷ ስትገባ ተነስቶ ወደ ሰገነቱ ይወጣ ነበር። ሰገነቱ ላይ የሚሠራው ነገር ኖሮት አይደለም። አንድ ጊዜ እሷ ከወረደች በኋላ «መቼ ነው የምትነግሪያት?» አለኝ።

«ከበዓሉ በኋላ።»

«የትኛው በዓል?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። ዝም ብሎ አብሮኝ ተሸከመው፤ ሲታመምም ተሸክሞት ነበር። ይህም በእኔ ላይ ነው።

አስረስ ሲሞት፣ ለቅሶው ላይ ትርንጎ ሰባቱንም ቀን አልተለየችኝም። ከእህቶቹ ይልቅ እሷ አለቀሰችለት። በአንዱ ቀን ኦስናት አጠገቤ ተቀመጠች። አረጋውያን መንከባከብ ነው ሥራዋ፤ አዲስ ቦታ አግኝታ በደረሰኝ፣ እንደ ዓጽማኢ ሥሪ ብለዋታል። ልግባበት ወይስ ልተወው ብላ ጠየቀችኝ።

«እሷን ስሚ» አለቻት እናቷ። «ሁሉን ታውቃለች። እንደኔ እንዳትረሺ ብቻ፣ የነገረችሽን ጻፊው።»

ሁሉንም ነገርኳት። ዋጋሽን ስትጠይቂ ሕመምሽንም ጡረታሽንም አስቢበት አልኳት። የመጀመሪያውን ቀን ሳትሠሪ በፊት ቢቱዋሕ ተመዝገቢ አልኳት። ኦስናት በስልኳ ላይ ጻፈችው። ትርንጎ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች፣ በእኔ እየኮራች ትሰማ ነበር። ይህን ሁሉ ለመናገር ስንት ደቂቃ ፈጀብኝ? ያን ጊዜ ለእሷ መናገር ምን ያህል ይፈጅብኝ ነበር?

ልጆች ነበሩኝ፣ የቤት ዕዳ ነበረብኝ። እውነት ነው። ትርንጎም ልጆች ነበሯት።

እስከዚህ ጽፌ ብዙ ሰነበትኩ። ያሰብኩት ይህን ወረቀት ለእሷ መስጠት ነበር። ትርንጎ ግን አታነብም። ኦስናት አማርኛ ትሰማለች እንጂ ፊደሉን አታውቅም። የማነብላት እኔው ልሆን ነው። እኔ ሳነብ መስመር መዝለል እችላለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ትናንት ወረቀቱን ትቼ ባዶ እጄን ወረድኩ። እንደ ልማዴ በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ።

ትርንጎ ምስር ትለቅማለች። ኦስናት ወጥ ቤት ሳህን ታጥባለች። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። «ያን ጊዜ ራስሽ ሂጂ አላልኩሽም። እኔ እጨርሰዋለሁ ነው ያልኩሽ። ሆስፒታል የነገርኩሽ ውሸት ነው። ቲማቲሙም ውሸት ነው።»

እጇ ምስሩ ላይ ቀረ።

«አልነገርሽኝም?»

«አልነገርኩሽም።»

«እንግዲያ አልረሳሁም ነበር።»

«አልረሳሽም ነበር።»

ስድብ ጠብቄ ነበር። ብትመታኝም ደስ ባለኝ። እሷ ግን ፊቷ በራ። «ኦስናት!» ብላ ጮኸች። «ኦስናት፣ ነይ ስሚ! አልረሳሁም ነበር! ጤነኛ ነኝ!» ሳቀች፣ እንባዋም መጣ። ልጅቷ እጇን ሳታደርቅ እየሮጠች ወጣች። ያን ደስታ ማየት ከማንኛውም ቅጣት ይከብድ ነበር፤ የወሰድኩባትን ያሳየኝ እሱ ነው።

ከዚያ ሳቋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ።

«አስረስስ ያውቅ ነበር?»

ለሞተ ሰው መዋሸት ይቻል ነበር። «ያውቅ ነበር» አልኳት።

«ሰባቱን ቀን አልቅሼለት ነበር» አለች። ከዚያ ምስሩን እንደገና መልቀም ጀመረች። «በይ አሁን ሂጂ።»

በሩ ላይ ስደርስ ድምጿ መጣ።

«ከእንግዲህ ስትመጪ አንኳኪ።»

ይቅር በይኝ አላልኳትም። ከአፌ ቢወጣ፣ እንደ ልማዱ «እግዜር ይቅር ይበለን» ልትለኝ ትችል ነበር፤ ያን በነጻ ልወስድባት አልፈለግሁም። አስተስርዮ ይመጣል። ዘንድሮ ደረጃውን የምወርደው እኔ ነኝ። አንኳኩቼ እቆማለሁ። ካልከፈተችልኝ ልክ ናት፤ ደረጃውን ወጥቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፤ በሚቀጥለውም ዓመት እወርዳለሁ።